ቀለም ከመፍሰሱ በፊት፦ ስክሪን ፕሪንት ለሚማሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ብዙዎቻችሁን ወደዚህ ሙያ የሚስባችሁ ቀለሙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስኩዊጂው (ቀለሙን የሚገፋው የጎማ መጥረጊያ) ተስቦ፣ ፍሬሙ ተነሥቶ፣ ምስሉ ጨርቁ ላይ ቁልጭ ብሎ ሲታይ ደስ የማይለው ሰው የለም። ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ እንደ ቆየ ሰው የምነግራችሁ፣ የኅትመቱ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ገና ቀለም ሳይፈስ፣ በጨለማው ክፍልና በማጠቢያው ቦታ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከልምምድ ጊዜያችሁ ሰፊውን ድርሻ ለወንፊቱ፣ ማለትም ፍሬሙ ላይ ለተወጠረውና ቀለሙ ለሚያልፍበት ስስ መረብ፣ ስጡት።

ድሮ ከሐር ይሠራ የነበረው ወንፊት ዛሬ በአብዛኛው ከፖሊስተር ክር የተሠራ ሲሆን፣ የሚለካውም በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ባለው የክር ብዛት ነው። ለጀማሪና ለተለመደ የቲሸርት ሥራ 43 ክር ያለው ይበቃል፤ ጥቃቅን ነጥቦችና ቀጫጭን መስመሮች ያሉበት ምስል ግን 77 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ክሩ ሲበዛ ቀዳዳው ስለሚጠብና የሚያልፈው ቀለም ስለሚቀንስ፣ ደቃቁ ሁሉ የተሻለ ነው ብላችሁ አትግዙ፤ በጥቁር ጨርቅ ላይ ነጭ ስታትሙበት ቀለሙ ይሳሳና ጨርቁ ከሥር ይታያል።

ኢመልሽን ብርሃን ሲያርፍበት የሚጠነክር ፈሳሽ ነው። በስሱና በእኩል ውፍረት ከተቀባ በኋላ፣ ፍሬሙ አቧራ በሌለበት ጨለማ ቦታ አግድም ተኝቶ ፈጽሞ እስኪደርቅ መቆየት አለበት፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ኢመልሽን የቱንም ያህል ብርሃን ቢያገኝ ሲታጠብ ይላጣል። ከዚያ ምስሉ በጥቁር የታተመበት ብርሃን አሳላፊ ፊልም ወንፊቱ ላይ ተደርጎ ይበራበታል፤ ጥቁሩ የሸፈነው ኢመልሽን ሳይጠነክር ስለሚቀር ሲታጠብ ይለቅና ምስሉ ይከፈታል። ስለዚህ ፊልሙ ላይ ያለው ጥቁር ወደ መብራት ተይዞ ሲታይ ምንም ብርሃን የማያሳልፍ ይሁን።

ለስንት ደቂቃ ማብራት እንዳለባችሁ ሌላ ሰው አትጠይቁ፤ ጊዜው እንደ መብራቱ ኃይል፣ እንደ ርቀቱና እንደ ኢመልሽኑ ውፍረት ይለያያልና። ይልቅስ አንድ ወንፊት ለሙከራ ሠውታችሁ፣ ፊልሙን በካርቶን ሸፍኑና ካርቶኑን በእኩል የጊዜ ልዩነት ጥቂት ጥቂት እየሳባችሁ አብሩበት። ስታጥቡት ብርሃን ያነሰው ወገን እየሟሟ ይሄዳል፤ የበዛበት ወገን ደግሞ ቀጫጭን መስመሮቹ አልከፈት ይላሉ። ትክክለኛው ጊዜ በሁለቱ መካከል ነው።

ካጠባችሁም በኋላ ወንፊቱን ወደ ብርሃን አንሡና ዓይናችሁን አቅርባችሁ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ምስሉ የተከፈተ ቢመስልም ቀዳዳዎቹን የሸፈነ፣ ለዓይን የማይጎላ ስስ ልጋግ ይቀራል፤ እሱ ከደረቀ ቀለም አያሳልፍም፣ ጀማሪውም በከንቱ ስኩዊጂውን እየተጫነ ይደክማል። በቀላል የውኃ ግፊት እንደገና አጥቡት።

ወደ ማተሙ ስትመጡ ወንፊቱ ጨርቁን ሳይነካ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ስኩዊጂው ሲያልፍ ብቻ ይንካውና ወዲያው ይላቀቅ። ጫፉ የዶለዶመ ስኩዊጂ የምስሉን ጠርዝ ያደበዝዛል።

የቀለም ምርጫ ብዙ ያከራክራል። ፕላስቲሶል የሚባለው ፕላስቲክ-ነክ ቀለም በአየር ስለማይደርቅ ወንፊት ላይ ቢቆይም ችግር የለውም፤ ነገር ግን ዓይነቱ ቢለያይም በአብዛኛው እስከ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ፣ ላዩ ብቻ ሳይሆን ውስጡም ጭምር ካልጋለ በእጥበት ይሰነጠቃል። ውኃ-ነክ ቀለም ቶሎ ደርቆ ወንፊት ስለሚደፍን ፈጣን እጅ ይጠይቃል። ለመማር ፕላስቲሶል ይታገሣችኋል፤ እኔ ግን ሲዳሰስ ጨርቁን ጨርቅ የሚያሰኘውን ውኃ-ነኩን እመርጣለሁ። በየትኛውም ብታትሙ፣ ለደንበኛ ከማስረከባችሁ በፊት አንዱን ቲሸርት ደጋግማችሁ አጥባችሁና ወጥራችሁ ፈትኑት።

ሥራው ሲያልቅ ቀለሙን ሳይውል ሳያድር አጽዱ። ኢመልሽኑን በማስለቀቂያ ኬሚካል ስታነሡ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ፤ ኬሚካሉን ቀብታችሁም ወደ ሌላ ጉዳይ አትሂዱ፣ ወንፊቱ ላይ ከደረቀ ኢመልሽኑ ዳግመኛ የሚለቅ አይሆንም፤ ወንፊቱን ቀድዶ ሌላ መወጠር ግድ ይላችኋል።