የመኪና ቀለም፦ የቱን ቤት፣ የቱን ጋራዥ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሲልቨር ቪትዝ አለችኝ፣ የመጀመሪያው ሞዴል። ኮፈኗና ጣሪያዋ ላይ ያለው ቀለም እንደ እባብ ቆዳ እየተላጠ ነው። በሾፌሩ በር ግርጌም ዝገት ብቅ ብሏል። ጋራዥ የጠሩልኝ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። አጎቴ ኮምፕሬሰርና ስፕሬይ ጋን ስላለው እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ሙሉዋን ልቀባት አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግቢ ውስጥ አትርጫት። ፍቂያውን፣ ዝገቱንና ስቱኮውን ግን ራስህ ልትሠራው ትችላለህ፤ ከዋጋው ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም ይሄ ጉልበት ነው። የመጨረሻውን ርጭት ብቻ ኦቨን (የተዘጋ የቀለም መርጫ ክፍል) ላለው ጋራዥ ስጥ። ሌላ ሰው ያዘጋጀውን መኪና የማይቀበሉ ስላሉ ሥራ ሳትጀምር ተነጋገር።

አሁን የሚላጠው ቀለሙ ሳይሆን ክሊሩ ነው። ሲልቨር ሁለት ንብርብር አለው፤ ከሥር የሚያብለጨልጨው ቀለም፣ ከላይ ደግሞ የሚከላከልለት ክሊር። ክሊሩን የሚጎዳው ፀሐይ ስለሆነ ጣሪያና ኮፈን ሁሌም ቀድመው ይሄዳሉ፣ የአዳማን ፀሐይ ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ። የተላጠ ክሊር በፖሊሽ አይመለስም። በላዩ ሌላ ክሊር ብትጨምርበትም አሮጌው ሲነሳ አዲሱን ይዞት ይነሳል። ተፍቆ መውጣት አለበት፣ አቋራጭ የለውም።

ከዝገቱ ጀምር። የበሩን ግርጌ ጠርዝ በጣትህ ዳስሰው፣ ትናንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ታገኛለህ። እነሱ በጭቃ ሲደፈኑ በመስታወቱ በኩል የገባው ውሃ በሩ ውስጥ ይተኛል፤ ስለዚህ አንተ ከውጭ ያየኸው ዝገት ከውስጥ በልቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን ክፈት። ከዚያ ዝገቱን በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን አድርገው። ከበሳልህ ስቱኮ አይደለም መፍትሔው፣ ባትላሜራ ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይድበት። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ቀዳዳ ላይ ከተለጠፈ ከኋላው እርጥበት ይዞ እንደገና ያብጣል። በስቱኮ የተደፈነ ዝገት ስንቱን መኪና እንደበላ ባትላሜራዎችን ጠይቃቸው።

ካልበሳ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ነጥቶ እስኪታይ ፋቀው። ጥቁር ነጥብ ከቀረ ዝገቱ አለ ማለት ነው። የተራቆተ ብረት ደግሞ አታሳድር፣ በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት መከላከያ) ይነካ። ስቱኮውን በ180 አስተካክል፣ ፕራይመሩ (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ) ሲደርቅ በ400 ከዚያ በ600 በውሃ እሸው። መስተካከሉን ለማወቅ ዓይንህን ጨፍነህ መዳፍህን አንሸራትትበት፤ ዓይን ያላየውን ወጣ ገባ መዳፍ ያገኘዋል።

ርጭቱን ለምን ከለከልከኝ ካልክ፣ ዋናው ምክንያቴ ጤናህ ነው። ክሊር የሚጠነክረው በሃርድነር ነው፣ ሃርድነር ውስጥ ደግሞ አይሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። በጭጋግ መልክ ወደ ሳንባ ሲገባ አስም ያመጣል፤ አንዴ ሰውነትህ ከተቆጣ ደግሞ በኋላ ትንሿ መጠን እንኳ ትንፋሽ ልታሳጣህ ትችላለች። ሻሽም የኮቪድ ማስክም አያስቆመውም። በወጉ የሚሠሩት ንጹህ አየር ከውጭ በቱቦ የሚመጣበት ማስክ አድርገው ነው። አንተ ብትችለው እንኳ በግቢው የሚጫወቱ ልጆችስ?

እሳትም አለ። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ጥግ ላይ ቡና የሚፈላበት ከሰል ካለ ይደርስበታል። ቲነር በምትነካበት ሰዓት፣ ለመወልወልም ቢሆን፣ ግቢው ውስጥ እሳት አይኑር።

ሲልቨር ራሱም አስቸጋሪ ቀለም ነው፤ ጋኑ ትንሽ ቢቀርብ ወይም ቢዘገይ ያ ቦታ ይጠቁራል፣ ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀራል። ቀለም ስታስበጠብጥ «ሲልቨር» ብለህ ብቻ አትሂድ። መኪናዋ ላይ ከተለጠፈችው ፕሌት «C/TR» (ሲ/ቲአር) ከሚለው አጠገብ ያለውን ኮድ ገልብጠህ ውሰድ፤ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ወይም የበሩ ምሰሶ ላይ ፈልጋት።

ጥያቄ፦ የእኔ ነጭ ኮሮላ አልተላጠም፣ ግን ፈዝዟል፤ እጄን ሳሳልፍበት ዱቄት ይይዘኛል። ይቀባ ወይ? (እህታችሁ ከጎንደር)

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብሽን አታውጪ! ጥቁር ጨርቅ ላይ ትንሽ ኮምፓውንድ (የቀለም መፈተጊያ ቅባት) አድርገሽ አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ፈትጊ። ጨርቁ ነጭ ከሆነ መኪናሽ ክሊር የሌለው ቀለም ነው፣ ዱቄቱም በፀሐይ የሞተው የላይኛው ሽፋን ነው። በኮምፓውንድ ይነሳል፣ ከሥሩ ያለው ያበራል። ጥላ ሥር ሥሪ፣ ጠርዞች ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ አትጫኚ፣ ሲያልቅ ሰም ቀቢው።

ጥያቄ፦ ሰማያዊ መኪናዬን ጥቁር ማድረግ እፈልጋለሁ። ችግር አለው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቀለሙ ሊብሬህ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ከጋራዡ በፊት ፋይልህ ያለበት የተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት ሂድና ምን እንደሚጠይቁ እወቅ። ደግሞም የበሮቹን ውስጥና የኮፈኑን ሥር ጭምር ካላስቀባህ በር በከፈትክ ቁጥር ሰማያዊው ይታያል፤ ስትዋዋል ይሄንን ጨምረህ ተዋዋል።