የፊት ጎማ ሲነሳ ቀኝ እግርህ የት ነው ያለው?

ጥያቄ፦ የምነዳው ባጃጅ ቦክሰር 150 ነው። በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ለቅቄ የፊት ጎማውን አነሳለሁ። አንዳንዴ ከልኩ በላይ ይነሳና ወደ ኋላ ሊገለብጠኝ ይደርሳል። ደንግጬ ነዳጅ ስዘጋ ፊቱ መሬት ላይ ይፈጠፈጣል። ሁልጊዜም ወደ ግራ ይወስደኛል። ጥፋቱ የሞተሩ ነው የእኔ?

መልስ፦ ከፍታውን በነዳጅ ብቻ ለመቆጣጠር እየሞከርክ ነው፤ ችግሩ ከዚያ ይጀምራል። ነዳጅ ስትዘጋ ፊቱ የሚወርደው ሚዛኑን እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ነው። የአንተና የሞተሩ ክብደት የኋላ ጎማው መሬት ከረገጠበት ነጥብ በላይ ሲመጣ፣ ልክ ቀጥ ብሎ እንደቆመ መሰላል ነው፤ ትንሽ ካለፈ ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል። በዚያ ሰዓት የሚመልስልህ የኋላ ፍሬን ነው። ጎማው ሲያዝ የሞተሩ አካል ወደፊት ይደፋል፣ ፊቱም ይወርዳል። ስለዚህ ሞተሩ የሚነሳው በግራ እጅህ ፍሪሲዮን፣ የሚወርደው በቀኝ እግርህ ፍሬን ነው።

ከመለማመድህ በፊት ፔዳሉን እየው። ቦክሰር የኋላ ፍሬኑ ባለ ከበሮ ነው፤ ከውስጥ ከበሮውን የሚያሸው የፍሬን ሸራ ሲበላ የፔዳሉ ባዶ ጉዞ ይረዝማል። የፔዳሉ ጫፍ አጠገብ ማስመሪያ አቁምና በእጅህ ተጫነው። ፍሬኑ መያዝ እስኪጀምር ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ደህና ነው። ከዚያ ከበለጠ፣ እግርህ ፍሬኑን እስኪያገኘው ጀርባህ መሬት ይደርሳል። ከኋላ በፍሬኑ ዘንግ ጫፍ ያለውን ዳዶ ግማሽ ዙር እያጠበቅህ ለካ። ስትጨርስ ጎማውን አንስተህ በእጅህ አዙረው፤ ሳይታሽ በነፃ ካልዞረ አብዝተሃል። ዳዶውን አጥብቀህም ልኩን ካላገኘህ ወይም በከበሮው ላይ ያለው ጠቋሚ ከምልክቱ ካለፈ ሸራው አልቋል፤ ይቀየር።

አሁን እግሩ። ብዙ ሞተረኛ መርገጫውን በእግሩ መሐል ይረግጥና ፍሬን ሲፈልግ እግሩን ያነሳል። ወደ ግራ የሚወስድህም በአብዛኛው ይህ ነው፦ ቀኝ እግርህን ፔዳሉ ላይ ለማድረስ ስታነሳ ክብደትህ በሙሉ ግራው መርገጫ ላይ ይወድቃል። የፊት ጎማው አየር ላይ ስለሆነ መሪው አያቃናህም። ተረከዝህ ወይም የእግርህ መሐል መርገጫው ላይ እንደተጫነ ጣቶችህ ብቻ ከፔዳሉ በላይ ይቀመጡ። ታንከሩን በሁለት ጉልበትህ ጨብጥ፤ ወደ ግራ ሲያዘም የቀኙን መርገጫ ጫን። ይህን አድርገህም ካልተስተካከለ የኋላ ጎማውን አሰላለፍ አረጋግጥ፤ የካቴና ማስተካከያው ምልክት በግራና በቀኝ እኩል መሆን አለበት። የካቴናውንም ልቅነት ለካ፤ እንዲህ ባለ ሞተር ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የላላ ካቴና ፍሪሲዮን ስትለቅ ይመታል፣ አነሳሱም ድንገተኛ ይሆናል።

ለመለማመድ የተዘጋ፣ አሸዋ የሌለበት ሜዳ ፈልግ፤ የመኪና መንገድ አይሆንም። ፊትን የሚሸፍን ሄልሜት፣ ጓንት፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ አድርግ። ሰውም ጭነትም ከኋላ አይኑር።

መጀመሪያ ጎማ ሳታነሳ በእርምጃ ፍጥነት እየነዳህ፣ ወደ ታች ሳታይ የኋላ ፍሬኑን መታ መታ አድርግ፤ እግርህ ሳያስብ እስኪያገኘው ድረስ። ከዚያ በአንደኛ ማርሽ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ሂድ። ፍሪሲዮኑን በሁለት ጣት ሳብ፣ ሞተሩን ትንሽ አስጩኸውና በፍጥነት ልቀቅ። ቦክሰር 144.8 ሲሲ፣ 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ሞተር ስለሆነ በነዳጅ ብቻ አይነሳም። ካልተነሳ ጩኸቱን ጥቂት ጨምር እንጂ መሪውን በክንድህ አትጎትት። ክንድ ሲጎትት አንጓ ይታጠፋል፤ አንጓ ሲታጠፍ ሳታውቀው ነዳጅ ይጨምራል፤ ከልክ በላይ የሚነሳብህ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጎማው ከመሬት 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ሲነሳ፣ መውረድ ባያስፈልገውም፣ በፍሬን አውርደው። ደግመህ ደጋግመህ። ይህ አሰልቺ ነው፤ ሳይሰለቹ የሚሠሩት ግን ጥቂት ስለሆኑ ነው ብዙው በጀርባው የሚወድቀው። ከፍታ መጨመር የሚገባህ እግርህ ከፍርሃትህ ሲቀድም ነው።

ለመፈጥፈጡ ደግሞ፦ ነዳጁን ጨርሰህ አትዝጋ። ፊቱ ሲወርድ ትንሽ ይዘህ ቆይ፤ መሬት ሊነካ ሲል በጣም ጥቂት ጨምር፣ ፔዳሉንም ልቀቅ። መሪው ቀጥ ይበል፤ ተጣሞ ካረፈ መሪው ከእጅህ ይመነጭቃል። በፊት ፍሬኑ ላይ ጣት አይኑር፤ የተያዘ ጎማ መሬት ሲነካ ይንሸራተታል። የሌላ ሰው ሞተር የምትሞክር ከሆነም የፊቱና የኋላው ፍሬን የተያያዘ መሆኑን ጠይቅ፦ በህንድ ገበያ እስከ 125 ሲሲ ላሉ አዳዲስ ሞተሮች እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ የተያያዘ ፍሬን ወይም ኤቢኤስ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ የፍሬን ሥርዓት) ግዴታ ተደርጓል። ፍሬኑ የተያያዘ ከሆነ ፔዳሉ የፊቱንም ጎማ ይይዛል።

ሚዛኑን አልፎ ፍሬኑም ካመለጠህ መሪውን ልቀቅና በእግርህ ከኋላ ውረድ። በዚህ ፍጥነት መቆም ይቻላል፤ መሪው ላይ የተንጠለጠለ ግን ነዳጅ እየሰጠ ከሞተሩ ጋር ይጎተታል።

የፊቱን የካቴና ጥርስ በአንድ ቀንስልኝ ብለህ ጋራዥ አትሂድ። ቶሎ ይነሳልሃል፤ የአንተ ችግር ግን አለመነሳት አይደለም።

እስካሁን የፈጠፈጥከው ሞተር ሳይታይ አይነዳ። የፊት አሞርዛተሩን ዘንግ በጨርቅ ጥረግና ጥቂት ጊዜ ተጫነው፤ የዘይት ቀለበት ከታየ ፓራኦሊዮው (ዘይት የሚይዘው ጎማ) ሄዷል። ከዚያ ፊቱን በድጋፍ አንስተህ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለህ አዙር። መሐል ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ መቀመጫ ተሰርጉዷል፤ ማጥበቅ አያድነውም፣ ከነመቀመጫው ይቀየራል።