ለስፖርት መኪና የሚገዛ የፍሬን ዲስክ ምን ያህል ይቆያል? ጥያቄና መልስ

ስለ ፍሬን ዲስክ፣ ከጎማው ጋር ስለሚዞረውና ፍሬን ስንይዝ ስለሚጨመደደው ክብ ብረት፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የላካችሁትን እነሆ እየመለስኩ ነው። ለማያውቁኝ፦ የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ጋራዣችን ከሚመጡት መኪኖች ብዙዎቹ ቅዳሜ ሳሚት ፖይንት በሚባለው የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ (ትራክ) ላይ ሲነዱ ውለው ሰኞ ባለቤታቸውን ሥራ የሚያደርሱ ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ሙስታንግ ጂቲ ነው የምነዳው። የፋብሪካው ዲስክ አልቆ አዲስ ልገዛ ነው። ልሙጥ አለ፣ የተበሳ አለ፣ ቦይ የወጣለት አለ። የትኛው ነው ብዙ የሚቆየው? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ልሙጡ። ይህን ስል ቅር የሚለው ብዙ ነው፤ በቸርኬው መሃል ሲታይ የሚያምረው የተበሳው ነዋ። ቀዳዳው የመጣው በድሮው ሸራ፣ ማለትም ዲስኩን ግራና ቀኝ ጨምድዶ በሚይዘው የፍሬን ሸራ፣ ምክንያት ነው። የዚያን ጊዜ ሸራ ሲግል ጋዝ ይተፋ ነበር፤ ጋዙ በሸራውና በዲስኩ መሃል እየገባ ፍሬኑን ያደክመዋል። የዛሬ ሸራ ያን ያህል ጋዝ አያወጣም። አሁን ከቀዳዳው የምታገኘው ዝናብ ላይ ውኃውን ቶሎ ማስወገድና ትንሽ የክብደት ቅናሽ ነው። ዕዳው ግን አለ። ብረት በጋለ ቁጥር ይለጠጣል፣ በቀዘቀዘ ቁጥር ይኮማተራል፤ ጫናው የሚሰበሰበው ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ስለሆነ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

«ታዲያ ፖርሸ ለምን ይበሳል?» የሚል መቼም አይጠፋም። ፖርሸ ከ917 የውድድር መኪናው የወሰደውን የተበሳ ዲስክ በ1978 እ.ኤ.አ. በ911 ቱርቦ 3.3 ላይ አውጥቶታል፤ ከዚያ ወዲህ እንደ መለያው ሆኗል። ዲስኮቹ ለመኪናው ክብደት ትልልቅ ናቸው፣ ብረቱም ጥሩ ነው። እንዲያም ሆኖ ትራክ የሚያዘወትር የፖርሸ ባለቤት ስንጥቅ እየለካ ነው የሚኖረው። ኒሳን ጂቲ-አርም ያው ነው። መጀመሪያ ሲወጣ የፊቱ ዲስክ 380 ሚሊሜትር ነበር፣ በኋላ ወደ 390 አደገ፣ ሁለቱም የተበሱ። ትራክ የሚወጡት ግን አውልቀው ባለ ቦዩን ይገጥማሉ።

ቦዩ የሸራውን ፊት እየጠረገ ንጹሕ ያደርገዋል። ሸራ ቶሎ ይበላል፣ ከፍ ካለ ፍጥነት ስታቆም እንደ ማጉረምረም ያለ ድምፅ አለው። ለትራክ የምመርጠው እሱን ነው። መኪናህ ከመንገድ የማይወጣ ከሆነ ግን ልሙጡን ግዛና የተረፈህን ገንዘብ ሸራ ላይ አውለው።

ጥያቄ፦ ጥሩ ዲስክ ስንት ማይል ይሄዳል? (ከብዙ ሰው የመጣ)

መልስ፦ ቁጥር የሚነግራችሁ ሻጭ ካለ አትመኑት። ዲስክን የሚገድለው ርቀት ሳይሆን ሙቀት ነው። እስቲ እናስላው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሲቆም 0.58 ሜጋጁል ያህል ኃይል ወደ ሙቀት ይቀየራል። ከ200 ሲቆም እጥፍ እንዳይመስላችሁ፤ አራት እጥፍ፣ ማለትም 2.3 ሜጋጁል ነው። ከዚህ 70 በመቶውን የፊቶቹ ሁለት ዲስኮች ይሸከማሉ ብንል፣ 9 ኪሎ የሚመዝን የፊት ዲስክ በዚያች አንድ ፍሬን ብቻ ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጨምራል። ዲስኩ 7 ኪሎ ከሆነ በዚያው ፍሬን 250 ይጨምርበታል። ትራክ ላይ ደግሞ ሳይቀዘቅዝ ሌላ ኩርባ ይመጣል።

ስስ ምጣድ ቶሎ ግሎ ቶሎ እንደሚሰነጠቀው ነው። ስለዚህ ዲስክ ስትገዙ መጀመሪያ ሚዛን ላይ አውጡት። የፋብሪካውንም መዝኑ። አዲሱ በመጠን አንድ ዓይነት ሆኖ በግልጽ ከቀለለ፣ የሆነ ቦታ ብረት ተሰርቋል። ብዙውን ጊዜ የሚሰረቀው ከውስጥ፣ በሁለቱ ፊቶች መሃል ካሉት የአየር ክንፎች ነው፤ ወይ ቁጥራቸው ያንሳል ወይ ይሳሳሉ። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይለይም።

ጥያቄ፦ ጀርመን ነው የምኖረው። ርካሹን ከጥሩው በምን ልለየው?

መልስ፦ አንተ ከእኛ ይሻልሃል። አውሮፓ ውስጥ ለመለዋወጫ ፍሬን ዕቃ አር 90 የሚባል ደንብ አለ፤ ያለፈው ዲስክ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ «ኢ» ከነቁጥሩ ታያለህ። አሜሪካ ለመለዋወጫ ዲስክ እንዲህ ያለ አስገዳጅ ማረጋገጫ ስለሌለ እዚህ ያለን ሚዛንና ማይክሮሜትር (የውፍረት መለኪያ) ነው። ሌላው፣ ክንፎቹ ጠመዝማዛ ከሆኑ የግራና የቀኝ ዲስክ ይለያያሉ፤ ዲስኩ ሲዞር ክንፎቹ ወደ ኋላ ማዘንበል አለባቸው። አቅጣጫውን የሚወስነው ክንፉ እንጂ ላዩ ላይ ያለው ቦይ አይደለም። ቦዩን አይቶ የግራውን ለቀኝ የሚገጥም መካኒክ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ ዲስክ ካስገጠምኩ ሦስት ወር አልሞላውም፣ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። ዲስኩ ተጣሟል አሉኝ። በሦስት ወር ይጣመማል?

መልስ፦ ከመቶ ዘጠናው «ተጣመመ» የሚባለው አልተጣመመም። የሆነው ከሁለቱ አንዱ ነው።

አንደኛው፣ ሲገጠም ሞዞው (ዲስኩ የሚቀመጥበት የጎማው እምብርት) አልተጠረገም። ሞዞው ላይ የቀረች ስስ ዝገት ዲስኩን 0.05 ሚሊሜትር ብታዘነብለው የመጀመሪያው ቀን አይሰማህም። ነገር ግን ፍሬን ሳትይዝ በዞረ ቁጥር ያዘነበለው ቦታ ሸራውን እየነካካ ያልፋል፤ ከጊዜ በኋላ ያ ቦታ ከሌላው ይሳሳል። ውፍረቱ ላይ 0.02 ሚሊሜትር ያህል ልዩነት ሲመጣ እግርህና እጅህ ያውቁታል። ዳዶን በአየር መፍቻ እንዳገኙ መርገጥም እንዲሁ ያደርጋል፤ በቅደም ተከተልና ጥብቀቱን በሚለካ ቁልፍ ይጠበቅ።

ሁለተኛው፣ የሸራ ንጣፍ ነው። ዲስኩ በጣም ግሎ ሳለ ቆመህ ፔዳሉን ረግጠህ ከያዝከው፣ ሸራው ባለበት ቦታ ይለጠፋል። ያ ቦታ ከሌላው የበለጠ ይይዛል፣ የበለጠ ይግላል። ሙቀቱ ወደ 700 ዲግሪ ሲጠጋ ዲስኩ የተሠራበት የካስት አይረን (ቀልጦ የተቀረጸ ብረት) ካርቦን ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ሲመንታይት የሚባል ጠንካራ ነገር ይፈጥራል። ከዚያ በኋላ ያ ጠባሳ እንደ ዙሪያው አይበላም፤ ወደ ላይ ወጥቶ ይቀራል። ሻጩን ከመክሰስህ በፊት ዲስኩ ተፈትቶ ሞዞው ይጠረግ፣ መዘንበሉም በመለኪያ ይታይ። ንጣፍ ብቻ ከሆነ ጠንከር ያለ ሸራ አስገብቶ እንደገና ማሟሸት (ዲስኩንና ሸራውን በሙቀት ማላመድ) ያጠራዋል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሱባሩ ደብሊው-አር-ኤክስ አለን፣ ራሳችን ልንቀይር ነው። እንዴት ነው የሚሟሸው?

መልስ፦ ጎበዞች። ዲስኩ ላይ ያለውን የፋብሪካ ዘይት በፍሬን ማጽጃ ጠርጉት። ሰው የሌለበት መንገድ ፈልጋችሁ፣ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ወደ 20 ገደማ እየቀነሳችሁ ስምንት አሥር ጊዜ ደጋግሙት። መጀመሪያ በለዘብታ፣ በኋላ ጠንከር አድርጋችሁ። አትቁሙ። ከዚያ ፍሬን ሳትነኩ እንደምንም አሥር ደቂቃ ንዱና ይቀዝቅዝ። ስታቆሙም የእጅ ፍሬን አትሳቡ። ሸራው የራሱ መመሪያ ካለው ግን ከእኔ እሱ ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። በ45 ዲግሪ ሙቀት ዲስክ ቶሎ አያልቅም?

መልስ፦ እንደሚፈራው አይደለም። 600 ዲግሪ ለደረሰ ዲስክ የውጭው አየር 20 ይሁን 45 ልዩነቱ ትንሽ ነው። ይልቅ የፍሬን ዘይቱ እንዳይፈላ ጠብቅ። የዱባዩ ትራክ አውቶድሮም የምትወጣ ከሆነ ደግሞ ሙቀት የሚለይ ቀለም ዲስኩ ጠርዝ ላይ ቀባ፤ በሦስት ቀለም ይመጣል፣ የተለመደው በ430፣ በ560 እና በ610 ዲግሪ መልኩን ይለውጣል። ሦስቱም ከተቀየሩ ሌላ ዲስክ ከመግዛትህ በፊት ወደ ዲስኩ መሃል አየር የሚያመጣ ቱቦ አስገጥም። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ከብራንድ ለውጥ የበለጠ ዕድሜ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ በናይትሮጅን የቀዘቀዘ ዲስክ እጥፍ ይቆያል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ገንዘቤን አላወጣበትም። ማቀዝቀዙ ለመሣሪያ ብረት የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው፤ የዲስክ ካስት አይረን ግን ውስጣዊ አሠራሩ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ 911 ልገዛ ነው፣ ሴራሚክ ፍሬን አለው፣ ቢጫ ካሊፐር (ሸራውን የሚይዘው ክፍል)። ባለቤቱ «ዕድሜ ልክ ነው» ይላል።

መልስ፦ መንገድ ላይ ብቻ ከተነዳ ብዙም አልዋሸም። ፖርሸ ይህን ፍሬን በ2001 እ.ኤ.አ. በ911 ጂቲ2 ላይ ካወጣው ወዲህ መንገድ ላይ በደንብ የቆዩ አሉ። ከብረቱ በግማሽ ያህል ይቀላል፣ አይዝግም፣ አቧራውም ትንሽ ነው። ትራክ ላይ ግን ታሪኩ ይለወጣል፤ ሙቀቱ ሲበዛ ውስጡ ያለው የካርቦን ክር ይቃጠላል። የሚቀንሰው በውፍረት ሳይሆን በክብደት ስለሆነ ማይክሮሜትር አይነግርህም። ዲስኩ ላይ ትንሹ የሚፈቀድ ክብደት ተጽፏል፤ ሳትከፍል በፊት አስፈትተህ አስመዝነው። ጠርዙንም እይ፤ ጎማ ሲያወልቁ ቸርኬው ከመታው ይሸረፋል። የአንዱ ዋጋ በሺህ ዶላሮች ስለሆነ ሴራሚኩን ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ለትራክ ብረት የሚገጥሙ ባለቤቶች አውቃለሁ። ጥሩ አድርገዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ መኪናዬም ኮሮላ ናት። ጎጃም ስለምመላለስ ለዓባይ በረሃ ቁልቁለት እንዲሆነኝ የተበሳ የስፖርት ዲስክ ከዱባይ ላስመጣ አስቤአለሁ። ይረዳኛል?

መልስ፦ ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ይኼ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ከነሰውና ከነጭነቱ 1,500 ኪሎ የሆነ መኪና በዚያ ቁልቁለት የሚለቀው ኃይል 19 ሜጋጁል ነው፤ ከ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስምንት ጊዜ እንደማቆም ማለት ነው። ጥቂቱን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ ፍሬኑ፣ ሌላ የሚሄድበት የለም።

ስለዚህ መልሱ ማርሽ ነው። በከባድ ማርሽ ውረድ፤ ፍሬን ስትይዝ ጠንከር አድርገህ ይዘህ ልቀቅ፣ እየነካካህ አትውረድ። የተበሳው ዲስክ ለዚህ አይረዳህም፤ ቀዳዳው ብረት ስለቀነሰ እንዲያውም ቶሎ ይግላል። ከዲስክ በፊት የፍሬን ዘይትህን ቀይር። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ ያን ጊዜ ዲስክህ ወርቅም ቢሆን ዋጋ የለውም። ደግሞም ደጋው ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ በአየር ግፊት የሚሠራው የፍሬን አጋዥ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ፔዳሉ ጠንከር ቢልብህ ዲስኩን አትጠርጥር።

ጥያቄ፦ ስንጥቅ ሳይ ወዲያው ልጣለው? ወይስ ቶርኖ ማስላጥ ይቻላል?

መልስ፦ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ብዙ ስንጥቆች ትራክ በወጣ ዲስክ ላይ የተለመዱ ናቸው። ጥፍርህ ከተያዘበት፣ ወይም ስንጥቁ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ከተገናኘ፣ ወይም የዲስኩን ጠርዝ ከነካ፣ ከዚያው ከጋራዡ አትውጣ።

የተሰነጠቀ ቶርኖ አይገባም። ያልተሰነጠቀውን ማስላጥ ይቻላል፤ ትንሹ የሚፈቀድ ውፍረት ዲስኩ ላይ ታትሟል፣ ከተላጠ በኋላ ከዚያ በላይ መቅረት አለበት። አሜሪካ የማስላጫው ዋጋ ከአዲስ ዲስክ ብዙም ስለማይርቅ አላስቸግርም። አዲስ አበባ ኦሪጅናል ዕቃ በጠፋበት ጊዜ ግን ያስኬዳል። የተላጠ ዲስክ ብረቱ ቀንሷልና ከበፊቱ በላይ እንደሚግል አትርሳ። የግራው ከተላጠም የቀኙ አብሮ ይላጥ።