የዘንዶው ሆድ ለምን ጠቆረ? ስለ እባብ ቤት ማሞቂያ አመራረጥ

ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ የጻፉልን እናት፣ የ14 ዓመት ልጃቸው በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚያሳድገው ቦል ፓይተን የተባለው ትንሽ ዘንዶ መብላት ካቆመ ሳምንታት ማለፋቸውን፣ ቆዳውን ሲቀይር በአንድ ጊዜ ሳይሆን በቁርጥራጭ እንደሚላጥ፣ ቀኑን ሙሉ ጉዝጓዙን ገፍቶ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ እንደሚውልና በሆዱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ እንደወጣ ገልጸዋል። ከሣጥኑ ሥር ተለጣፊ ማሞቂያ አለ። አንድ የሚያውቁት ሰው ሙቀቱ ከተሞላው ልክ ሲደርስ ማሞቂያውን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ቴርሞስታት ገጥሞለት፣ ሙቀት የሚለካውን ሴንሰሩን በናስትሮ ከመስታወቱ ግድግዳ አጋማሽ ላይ አጣብቆላቸዋል። ቴርሞስታቱ 90 ፋራናይት ላይ ቢሞላም የሚያሳየው ሁልጊዜ 76 ነው። ስለዚህም ተለቅ ያለ ተለጣፊ ማሞቂያ፣ ሴራሚክ ወይስ የሙቀት አምፖል ይሻላል ብለው ይጠይቃሉ።

እርስዎ ቤቱ ቀዝቅዟል ብለው ነው የጻፉልኝ፤ እኔ ግን ምልክቶቹን ሳያቸው የዘንዶው ሆድ እየተቃጠለ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። አየሩ ስለሚበርደው ሙቀት ፍለጋ ወደ ታች ይቆፍራል፤ ታች ሲደርስ የሚያገኘው ደግሞ ከሚገባው በላይ የጋለ መስታወት ነው። እባብ ሆዱ እየተቃጠለም ቢሆን ከቦታው ላይነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ሲቃጠል ራሱ ይሸሻል ብለው አይጠብቁ። ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ የማሞቂያውን ሶኬት ይንቀሉ፣ ቤቱንም እስኪያስተካክሉ ድረስ ክፍሉን ሞቅ አድርገው ያቆዩ። ነጠብጣቡንም ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ይየው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በደንብ ላስረዳዎት፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በተለጣፊ ማሞቂያ ላይ የሚጻፈው ዋት ነው እንጂ ዲግሪ አይደለም። ማሞቂያው የራሱ የሆነ የተወሰነ ሙቀት የለውም፤ 24 ዋት ከሆነ ሶኬት ውስጥ እስካለ ድረስ ያንኑ 24 ዋት ያለማቋረጥ ይለቃል። ምን ያህል እንደሚግል የሚወስነው ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ነው። የሚወጣው ከሚገባው ጋር እስኪተካከል ድረስ ሙቀቱ ይጨምራል። ማሞቂያው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቢሆን ለብ ብሎ ይቀር ነበር። የእርስዎ ግን ከላይ መስታወቱና ወፍራም የኮኮናት ቅርፊት ተጭኖበታል፣ ከታች ደግሞ ሣጥኑ እግር ሳይኖረው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሰው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሦስት ጋቢ ቢደራረብበት እንደሚያልበው ሁሉ፣ ማሞቂያውም ሳይበላሽ በራሱ ሙቀት ይታፈናል። ጉዝጓዙ በወፈረ ቁጥር ላይኛው ገጽ ይቀዘቅዛል፣ የታችኛው መስታወት ግን ይብስበታል፤ እጅዎን ከላይ አሳርፈው ሲዳስሱ ቀዝቃዛ የሚመስልዎትም ለዚህ ነው። ሴንሰሩ ደግሞ የሚለካው በወንፊቱ ክዳን በኩል ሙቀቱ እያመለጠ የሚቀዘቅዘውን አየር ነው። አየሩ መቼም 90 ስለማይደርስ ቴርሞስታቱ ማሞቂያውን አንድም ጊዜ አያጠፋውም። ቴርሞስታቱ ጤነኛ ነው፤ ያለ ቦታው ተቀምጦ ስለ ወለሉ ምንም አያውቅም። ተለቅ ያለ ተለጣፊ ቢገዙ ቃጠሎውን ያብሱታል።

ጥርጣሬዬን ለማረጋገጥ ዘንዶውን ወደ ሌላ ዕቃ አዛውረው ማሞቂያውን ለጥቂት ሰዓታት ያብሩት፣ ከአጠገቡም አይራቁ። ከዚያ ጉዝጓዙን ገፍተው ሳይነካ ከርቀት በሚለካ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ባዶውን መስታወት ይለኩት። ከ95 ካለፈ ጥርጣሬዬ ልክ ነው።

የገጠመልዎትን ሰው ሥራ ሳየው ያሳዝነኛል። ናስትሮ እባብ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ሙጫው ከቅርፊቱ ጋር ሲጣበቅ ቆዳውን ይዞ ይነሳል። ደግሞም በእርጥበት ይለቃል። የለቀቀ ሴንሰር ከሣጥኑ ውጭ ከወደቀ ቴርሞስታቱ የክፍሉን ቅዝቃዜ እያነበበ ማሞቂያውን ያለ ገደብ ያነደዋል።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። ለወንፊት ክዳን መስታወት ሣጥን እኔ የምመርጠው ከላይ የሚመጣ ሙቀት ነው፦ ቀን 75 ዋት ገደማ የሆነ ሃሎጅን አምፖል፣ ሌሊት ቤቱ ከ72 በታች የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ብርሃን የሌለው ሴራሚክ ማሞቂያ። ቀይ አምፖል ይቅር፤ እባቡ ብርሃኑን ስለሚያይ ሌሊቱ ይበላሽበታል። የሚሞቅ ድንጋይ የሚሸጥልዎት ካለ አይግዙ። ወደፊት ሣጥኑን ወደ እንጨት ወይም ፒቪሲ ከቀየሩ ከጣሪያው ላይ የሚገጠም ጠፍጣፋ የጨረር ማሞቂያ ከሁሉም የተሻለ ነው፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል።

ለሃሎጅኑ ብርሃኑን እየቀነሰና እየጨመረ የሚቆጣጠር ዲመር ቴርሞስታት ይግዙ፤ ሙሉ በሙሉ አብርቶ አጥፊው ቴርሞስታት አምፖሉን በየጊዜው እያርገበገበ ዕድሜውን ያሳጥራል። ሴራሚኩ በአብርቶ አጥፊውም ይሠራል። ሴራሚክ የሚገባበት የአምፖል መያዣ የሸክላ መሆን አለበት። ርካሹ የፕላስቲክ መያዣ ሊሰነጣጠቅና ሊቀልጥ ይችላል፤ ለደኅንነቱ መመርመሩን የሚያሳየው ዩኤል (UL) ወይም ኢቲኤል (ETL) ምልክት የሌለውን ዕቃ ከሱቁ ሳይወጡ ይመልሱ። መያዣውን በመቆንጠጫው ብቻ አይመኑት፤ በሰንሰለት አንጠልጥለው ከወንፊቱ ጥቂት ኢንች ከፍ ያድርጉት፤ ዘንዶው ወንፊቱን ከውስጥ ወጥቶ ሲነካው እንዳይቃጠል። ሴንሰሩን ከአምፖሉ ሥር፣ እባቡ በሚተኛበት ከፍታ፣ በብሎን በሚጠብቅ መያዣ ይግጠሙት። ከአምፖሉ ሥር ያለው ገጽ ከ90 እስከ 95፣ ማለትም ከ32 እስከ 35 ሴልሺየስ፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ከ75 እስከ 80 ይሁን። በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ መደበቂያ ያስቀምጡ፤ ሙቀትና ደኅንነት መካከል እንዳይመርጥ።

ቆዳው የሚቆራረጠው ከደረቅ አየር ነው። ኮሎራዶ ደረቅ አገር ነው፣ በክረምት የቤት ማሞቂያው ደግሞ ያብሰዋል። ከአምፖሉ ርቆ ያለውን የወንፊቱን ሁለት ሦስተኛ በአልሙኒየም ፎይል ይሸፍኑ፣ የውኃውን ሳህን ሰፋ ያድርጉት፣ እርጥበቱንም ከ50 እስከ 60 በመቶ ያቆዩ፤ ቆዳውን በሚቀይርበት ጊዜ ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ውኃ ሲረጩ መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ መስመሩንም ጂኤፍሲአይ (GFCI) በተባለ፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ በሚቆርጥ ሶኬት ያሳልፉ።

ደግሜ ላሳስብዎት፤ ቴርሞስታት የሌለውን ወይም ሴንሰሩ ያለ ቦታው የተቀመጠን ማሞቂያ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን ሶኬት ውስጥ አይተዉት። ልጅዎም ከመተኛቱ በፊት ሴንሰሩ ከቦታው አለመውጣቱን በዓይኑ የማየት ልማድ ይኑረው።

ሐኪሙ ሆዱን ካየውና ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ዘንዶውን ለአንድ ሳምንት ያህል ሳይነካኩት ይተዉት። ምግብ የሚሰጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያም ከወትሮው አነስ ያለ አይጥ ይሞክሩለት።