ኬቮርክ፣ ጌቮርግ፣ ጊዮርጊስ፦ የትኛውን ልጻፍ?

ጥያቄ፦ ስለ አርመን ሙዚቀኞች አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንዱ ምንጭ «ኬቮርክ»፣ ሌላው «ጌቮርግ» ይላል። የትኛው ነው ትክክል? ሁለቱም ጊዮርጊስ ከሆኑስ፣ «ጊዮርጊስ» ብዬ ብጽፈው ምን ይለዋል?

መልስ፦ ኬቮርክም ጌቮርግም ትክክል ናቸው፤ በአርመንኛ ፊደል አንድ ስም ናቸው። ልዩነቱ ከአንባቢው አፍ ነው። አርመንኛ ምሥራቃዊና ምዕራባዊ ተብሎ ይከፈላል። የመጀመሪያው የአርመንያና የኢራን አርመኖች ነው፤ ሁለተኛው ከኦቶማን ግዛት የተሰደዱት ይዘውት የወጡት። ምሥራቆቹ «ገ» የሚሉትን ፊደል ምዕራቦቹ «ከ» ይሉታል፤ «ከ»ን ደግሞ «ገ» ያደርጉታል። «ተ» እና «ደ»፣ «ፐ» እና «በ»ም እንዲሁ ቦታ ይለዋወጣሉ። ግሪጎር ክሪኮር፣ ፔትሮስ ቤድሮስ፣ ካራፔት ጋራቤድ የሚሆነው በዚህ ነው። ቲግራንን ብታዩት መንገዱ ይገለጥላችኋል፤ «ቲ» ወደ «ዲ»፣ «ግ» ወደ «ክ» በአንድ ጊዜ ዞረው ዲክራን ይወጣል።

አንድ ወጥመድ አለ። ምሥራቆቹም ቢሆኑ የጌቮርግን መጨረሻ ሲናገሩ ወደ «ክ» ይጠጋሉ፤ ከ«ር» ቀጥሎ ስለመጣ ነው። ስለዚህ የየሬቫን ሰው ሲናገር «ጌቮርክ» ብትሰሙ ጆሯችሁ አልተሳሳተም። በጽሑፍ ግን በ«ግ» መጨረሱ የተለመደ ነው።

ምንጩ ግሪክኛ ነው። ጌዎርጊዮስ ማለት መሬት የሚያርስ፣ ገበሬ ማለት ነው። ግዕዝ የግሪኩን የመጨረሻ «ስ» ሲይዝ አርመንኛ ጣለው፤ ቤድሮስ ላይ ግን ይዞታል፣ ስለዚህ ደንብ ነው ብላችሁ አትያዙት። ሁለቱ አናባቢዎች («ኤ» እና «ኦ») ሲገጣጠሙ ደግሞ እኛ «ዮ» ብለን አለፍን፣ እነሱ «ቮ» አሉ። የድሮው አጻጻፋቸው ይህን «ቭ» እንኳ አያሳይም፤ ሲነበብ ነው የሚመጣው።

ለእርስዎ ጽሑፍ እንግዲህ ባለስሙ ከየት እንደሆነ ይዩ። ኢትዮጵያ የገቡት አርመኖች አብዛኞቹ ከኦቶማን ምድር ስለነበሩ በእኛ አገር ታሪክ የሚገኘው ኬቮርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት «አርባ ልጆች» (ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የነበሩበት የሙዚቃ ጓድ) ሙዚቃ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ዛሬ በቱርክ ያለችው የአይንታብ ተወላጅ ነበሩ። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፉለትን የቀድሞውን ብሔራዊ መዝሙር፣ «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ»ን፣ ዜማ ያወጡት እሳቸው ናቸው። መዝሙሩ የተሰማበት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ ዕለት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነበር፤ በወር በወሩ ጊዮርጊስ የሚውልበት ቀን! የኤችሚያድዚን ካቶሊኮሶችን (አርመንያ ውስጥ የሚቀመጡትን የአርመን ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርኮች) ስትጽፉ ግን ጌቮርግ ነው፤ ከ1911 እስከ 1930 እ.ኤ.አ. የተቀመጡት ጌቮርግ አምስተኛ ናቸው።

«ጊዮርጊስ» ብሎ መተካቱን አልደግፍም። ቅዱሱን ስትጠሩ ምንም አይደል፤ አዲስ አበባ ያለችውን የአርመን ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ጊዮርጊስ እንላታለን፣ እነሱም ሱርፕ ኬቮርክ ይሏታል። የሰው ስም ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። እኛ ዘንድ ጊዮርጊስ ብቻውን ለልጅ እምብዛም አይወጣም፤ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ ይቀድመዋል። አርመኖች ዘንድ ባዶውን ይሰጣል፣ ለወንድ ብቻ። «ጊዮርጊስ ናልባንዲያን» ካላችሁ አንባቢው ሰውየውን በሌላ መዝገብ ፈልጎ አያገኘውም።

በ«ቮ» ፈንታ «ቦ» የሚጽፉ አሉ፤ የቆየ ልማድ ነው፣ ዛሬ ግን ፊደሉ እያለ አስፈላጊ አይደለም። መጨረሻውን በ«ቅ» መጻፍ ስሕተት ነው።

ሁለተኛውን ስም የአባት ስም አድርጋችሁ አትውሰዱት። «ያን» የዘር መጠሪያ ምልክት ነው፤ ኬቮርኪያን የኬቮርክ ወገን ማለት ነው። ፒያሳ አካባቢ የሚነሳው የአርመኑ ነጋዴ የኬቮርኮፍ ስምም ሥሩ ያው ነው፣ መጨረሻው በሩስኛ ወግ ተቀጠለ እንጂ። ኬቮርክ ናልባንዲያንና ነርሰስ ናልባንዲያንን ወንድማማች አድርጎ መጻፍ የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነው፤ ነርሰስ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነው። በማውጫ ላይ ናልባንዲያን ብላችሁ አስቀድሙ፤ በጽሑፉ መሐል በአገራችን ልማድ «አቶ ኬቮርክ» ወይም እንደ ዘመኑ «ሙሴ ኬቮርክ» (ሙሴ ከፈረንሳይኛ የመጣ፣ «አቶ» እንደማለት) ማለት ይቻላል።