ባሌ ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ነው፣ ግን አያወራኝም

ሰላም እህቴ፣ ሜሴጅሽ ረጅም ስለሆነ ለሌላው አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ባህር ዳር፣ አባይ ማዶ የሚባለው ሰፈር ወንዙ ዳር ቤት ተከራይታችሁ ነው የምትኖሩት፣ እሱ ሸማኔ ነው አንቺ ትፈትያለሽ። ድሮ ቅዳሜ ገበያ ጋቢውንና ነጠላውን ይዞ የሚወጣው እሱ ነበር፣ ጣናን ለማየት የሚመጣ ቱሪስትም ይገዛችሁ ነበር፣ ከዛ ኮሮና መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ ቱሪስቱ ቀረ። አንቺ ቴሌግራም ላይ ፎቶ መለጠፍ ጀመርሽ፣ ኦርደር ከአዲስ አበባ ሳይቀር ይመጣልሻል፣ ብሩ በቴሌብር አንቺ ስልክ ላይ ይገባል። ከጥር ወዲህ ግን ሰውየው ዝም ብሏል። ቀን እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከቶ ይሸምናል፣ ሲመሽ ወንዙ ዳር ሄዶ ይቀመጣል፣ ምን ሆንክ ስትይው "ምንም" ነው። ጥያቄሽ ደግሞ ብሩን ቀንቶብኝ ነው ወይስ ሌላ ሴት ይዞ ነው የሚል ነው።

ሌላ ሴት እንኳን ከጻፍሽው ውስጥ አልታየችኝም። እኔን ያስቆመኝ መሃል ላይ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው፣ የጥር ሰርግ ኦርደር ሲያዘገይብሽ ተናደሽ "ቁጢት በጣሽ" አልሽው፣ ቀጥለሽም "ይቅርታ ብዬዋለሁ አልፎታል" ብለሽ ወደ ብሩ ጉዳይ ሄድሽ። አላለፈውም እኮ! ዝምታው ለምን ጀመረ ላልሽው መልሱ እዛው ነው።

ይሄ ሸማኔን በሙያው የሚሰድቡበት ቃል ነው፣ ተራ ስድብ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል፣ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ሰው አፍ ላይ አለ። አንቺው ራስሽ ቤተሰቦቼ ለሸማኔ አንድርም ብለው ነበር፣ በስንት ልመና ነው የተጋባነው ብለሽ ጽፈሻል። እንግዲህ አስቢው፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት ቆማ የመረጠችው ሴት በስንት ዓመቷ የነሱን ቃል ስትደግመው። ደግሞ ልብ ካልሽ አንቺም የምትሠሪው ያንኑ ጥጥ ነው፣ ባዘቶውን ይዘሽ እንዝርት ስታሾሪ ግን ማንም አይሰድብሽም፣ ፈትል የእመቤቷም የድሃዋም ሥራ ስለነበር ባለሙያ ያስብላል። በሁለታችሁ እጅ ከሚወጣው ጋቢ ስድቡ የሚደርሰው ለሱ ብቻ ነው፣ ይሄን ነገር ቁጭ ብላችሁ አውርታችሁበት የምታውቁ አልመሰለኝም።

ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ባለትዳሮች ሲከራከሩ በቪዲዮ እየቀረጸ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ትዳር ያፈርሳሉ ያላቸው አራት ነገሮች አሉ፣ የሰውየውን ባህሪ መንቀፍ፣ ንቀት፣ ሁልጊዜ ራስን መከላከልና ዘግቶ ዝም ማለት። ከአራቱ የከፋው ንቀት ነው። አንቺ ያማረርሽው አራተኛውን ነው፣ ከሱ በፊት የመጣው ግን ሁለተኛው ነው። ዝም የሚል ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግድ ስለሌለው አይደለም፣ ውስጡ ይሞቃል፣ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 ያልፋል፣ በዛ ሰዓት የሚባለውን በደንብ መስማት ራሱ ያቅተዋል። አንቺ "ተናገር እንጂ" እያልሽ ስትከተይው እሱ የባሰ ይዘጋል፣ ሲዘጋ አንቺ ትብሻለሽ። እንዲህ ሲሆን ቢያንስ 20 ደቂቃ ተዪው፣ ግን ኩርፊያ እንዳይመስለው "ቆይተን እናወራለን" በይና ነው የምትተይው።

ይቅርታውን በተመለከተ፣ ያልሽውን ቃል በቃል ጽፈሽልኛል፣ "ይቅርታ ግን አንተም አናደድከኝ"። ይሄ ይቅርታ ሳይሆን ክስ ነው። እንደገና ጠይቂው፣ ሥራ ላይ እያለ መወርወሪያውን አስቁመሽው አይደለም፣ ማታ ራት ከበላችሁ በኋላ። "የዛን ቀን ያልኩህ የቤተሰቦቼን ስድብ ነው፣ ልልህ አይገባም ነበር፣ አንተን ሳገባ ባፍርብህ ኖሮ አላገባህም ነበር" በቃ። ስለ ኦርደሩ መዘግየት አንድም ነገር አትጨምሪ። ዝም ካለሽም ዝም በይው፣ መልስ የዛኑ ማታ ላይመጣ ይችላል።

ብሩ ላይ ስልክሽን አስረክቢው አልልሽም፣ ገበያውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ግን ድሮ ገበያ ላይ ዋጋ የሚቆርጠው እሱ ነበር፣ ጥለቱ እንዴት ያምራል የሚባለውም ለሱ ነበር። አሁን የሚሰማው ካንቺ አፍ "አረንጓዴ ጥለት፣ እስከ አርብ ይድረስ" ነው፣ ማለትም አሠሪ ሆነሽበታል፣ ሳታውቂው። ስለዚህ ካስተመሯ ስለ ጥለት ስትጠይቅሽ እሱ በቮይስ ይመልስላት፣ ምን ያህል ቀን እንደሚፈጅ እሱ ይበል፣ ቀን ቆርጠሽ ቃል የምትገቢው እሱን ሳትጠይቂ አይሁን። ያመሰገኑትን ሜሴጅ ደግሞ አንብቢለት፣ ስክሪንሾት አድርገሽ ለጓደኞችሽ ብቻ አትላኪ። እሁድ ሥራ አትሠሩም ብለሻል አይደል፣ ቡና ላይ ሂሳቡን አብራችሁ እዩት፣ የድሩ ክር ስንት፣ የቤት ኪራይ ስንት፣ ምን ተረፈ። በሌላው ቀን ከመሸ በኋላ ስለ ኦርደር ማውራት ይቅር፣ ቤታችሁ የሥራ ቦታችሁ ስለሆነ ሥራው የሚያልቅበትን ሰዓት ራሳችሁ ካላበጃችሁ አያልቅም። አሁን ጾም ነው ሰርግ የለም፣ ለፋሲካ ሰው ልብስ ፍለጋ ሳያጣድፋችሁ በፊት ብትጀምሩት ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። ለሊት አይተኛም፣ እንጀራ ቀምሶ ይተዋል፣ ሥራው ራሱ አስጠልቶታል ብለሻል። ይሄ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ ኩርፊያ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ወንዙ ዳር ሲቀመጥ ምን እንደሚያስብ ጠይቂው፣ መኖር አስጠልቶህ ያውቃል ወይ ብለሽ በግልጽ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ ይሄን አትፍሪ። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተዪው፣ የዛኑ ቀን ሆስፒታል ውሰጂው። የለም ቢልሽም እንቅልፉና ምግቡ ካልተስተካከለ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው። ጸበል እንሂድ ካለ ሂዱ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

መጨረሻ ላይ እናቴ ቤት ወረታ ሄጄ ትንሽ ልቆይ ወይ ብለሻል። መትቶኝ አያውቅም ስላልሽ ነው እንዲህ የምልሽ፣ አሁን አትሂጂ። እዛ የሚጠብቁሽ ሰዎች "ብለንሽ ነበር" የሚሉ ናቸው፣ እሱም መሄድሽን የሚተረጉመው እንደዛው ነው። ሽማግሌ ካስፈለገ ደግሞ ካንቺ ወገን አይሁን፣ ማን ይግባ የሚለውን እሱ ይምረጥ፣ ያ ሽመና ያስተማረው አጎቱ ቢሆን እኔ ደስ ይለኛል።