ስጾም የምነጫነጨው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጾም ሲገባ ደስ ብሎኝ ነው የምጀምረው። ቡናም እተዋለሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ፤ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልጆቼ ማንኪያ ሲጥሉ እንኳ እጮኻለሁ። ማታ ከበላሁ በኋላ በራሴ አፍራለሁ። እንዲህ እየተነጫነጩ መጾም ጾም ይባላል? ወይስ እምነቴ ነው የደከመው?

መልስ፦ እህቴ፣ እምነትሽን ከመጠርጠርሽ በፊት ቡናውን ጠርጥሪ። የምሬን ነው። ቡና የለመደ ሰው ድንገት ሲተው ራስ ምታቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምረዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚብስበትም ሁለተኛው ቀን አካባቢ ነው። ያልሽው ቀን ማለት ነው።

ሌላው ረሃቡ ራሱ ነው። አንጎላችን ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፤ ከምናወጣው ጉልበት ግን 20 በመቶ አካባቢውን ብቻውን ይወስዳል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ዝቅ ሲል ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃል፣ እነዚህ ደግሞ ስንደነግጥና ስንጣላ የሚወጡት ናቸው እኮ! ታዲያ ማንኪያ ሲወድቅ ጠብ የመጣ ቢመስልሽ ምን ይገርማል? የውሃ ጥምና የእንቅልፍ እጦት ከተጨመረበትማ አለቀ።

የሃይማኖት ሰዎች ይህን ዛሬ አይደለም የደረሱበት። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ እየጾሙ የሚጣሉትን ይወቅሳል። በእስልምናም ጾመኛን ሰው ቢሰድበው «እኔ ጾመኛ ነኝ» ይበል ተብሏል። እኔን የሚገርመኝ ግን ኤልያስ ነው። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልተቆጣውም፣ አልሰበከውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ በላ፣ ተኛ፣ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ከዚያ በኋላ ነው መንገዱን የቀጠለው።

ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሳምንት ቀድመሽ ቡናውን በየቀኑ እየቀነስሽ ነይ። ማታ በባዶ ሆድሽ ጣፋጭ ላይ አትዝመቺ፤ ስኳሩ ቶሎ ይወጣና ቶሎ ይወርድብሻል። ባቄላ፣ ምስር፣ ያልተፈተገ እህል ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። በተፈቀደው ሰዓት ውሃ ጠጪ፣ በጊዜ ተኚ።

ሁሉንም በሆድ አታሳብቢ ደግሞ፤ በልተሽም የምትጮኺ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ስኳር በሽታ ካለብሽ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ ከሆንሽ፣ ወይም ድብርቱ ከጾም በኋላም ካልለቀቀሽ ሐኪም አማክሪ፤ የሃይማኖት አባትሽንም ጠይቂ፣ ብዙዎቹ ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ጾሙን ያቃልላሉ። ለልጆቹም ንገሪያቸው። «ዛሬ ርቦኛል፣ ቶሎ እቆጣለሁ» ማለት አያሳፍርም።